ውሃ ላይ የተኛ በር

እኔ የማውቀው በር ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት በርና መስኮት ስሠራ ነው። በእኛ አገር፣ በላስታ ደጋ፣ እንጨት ደጅ ላይ ካቆምህ ሁለት ነገር ይጠብቁታል፤ ፀሐይና ዝናብ። በጋው ይሰነጥቀዋል፣ ክረምቱ በስንጥቁ ይገባል። ስለዚህ በሩን ገጥሜ ጨረስኩ ብሎ መዶሻውን የሚሰበስብ አናጢ ገና ሥራውን አልጀመረም። እንጨት ፍጡር ነው፤ ይጠማዋል። የሚገባውን ካላጠጣኸው የማይገባውን ይጠጣል።

ታዲያ በር የሚሠራ ሰው ጀልባ ምን አገናኘው? ይህን ስናገር ዛሬም የሚስቁብኝ አሉ። ላስታ ላይ ጀልባ! ከገደል በቀር ምን አላችሁና? ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እኔም ውሃ የማውቀው በእንስራ ነበር።

ነገሩ የመጣው ከግድቡ ጋር ነው። ደርግ ወድቆ አገሩ ረጋ ካለ በኋላ፣ ከሰፈራችን በታች ባለው ሸለቆ ለመስኖ የሚሆን ግድብ ይሠራ ተባለ። ሠራን። ድንጋይ ተሸከምን፣ አፈር ቆፈርን፣ ለድካማችን ስንዴ ተሰፈረልን። ያን ጊዜ ማናችንም ውሃው ሲሞላ ምን እንደሚመስል አላሰብንም። ሰው ያላየውን ምን ብሎ ያስባል?

ክረምቱ ወጥቶ በመስከረም አንድ ጠዋት አፋፉ ላይ ቆሜ ቁልቁል ባይ፣ ሰማዩ ታች ነበረ። ደመናው ታች ነበረ። አንድ ጭልፊት ከእግሬ ሥር ተገልብጦ ሲዞር አየሁ። በስመ አብ ብዬ ተቀመጥኩ። አገሬን አላውቀው ብዬ የፈራሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከሁሉ ያስገረመኝ መንገዱ ነው። ወደ ማርያም የምንወርድባት የእግር መንገድ ነበረች፤ ቁልቁል ወርዳ፣ ደረቁን ወንዝ ተሻግራ፣ በማዶ ያለው ኮረብታ ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ የምታደርስ። ያቺ መንገድ ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ወርዳ ወርዳ ውሃው ውስጥ ትገባለች። በማዶም ከውሃው ትወጣና ጉዞዋን ትቀጥላለች። ግቢና ውጪ ያላት ሰው ያለ ይመስል። ውሃው ብዙ ስፋት የለውም፤ ማዶ ሆኖ ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ከወዲህ ይሰማል። ግን ሁለቱን ገደል ይዞ ወደ ላይ ስለተኛ፣ በዙሪያው እሄዳለሁ ያለ ሰው ሁለቱንም ገደል ወርዶ መውጣት አለበት። ጎበዝ እግር ማልዶ ተነሥቶ ቅዳሴው ሳያልቅ ቢደርስ ነው።

እህቴ ጎበዝ እግር አልነበራትም።

ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ድክ ድክ እል ነበር፤ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እታለም እላታለሁ። ያን ጊዜ ጉልበቷን ቁርጥማት ይዟት፣ በምርኩዝ ሳትደገፍ ጓሮ እንኳ አትደርስም። በወጣትነቷ ከባሏ ጋር ቆርባ ያገባች ሴት ናት፤ ባሏም እዚያው ማርያም ቅጥር ውስጥ አርፏል። ውሃው ሳይመጣ በፊት እሑድ እሑድ ቀስ እያለች፣ እየተቀመጠች እየተነሣች፣ ትደርስ ነበር። አሁን ግን ቀረ። በበቅሎ እንሞክር ብዬ አንድ ጊዜ አወጣኋት። ገደሉ አፍ ላይ በቅሎዋ ድንጋይ ስትስት፣

«አውርደኝ!» አለች። «ማርያም ዘንድ ልሂድ አልኩ እንጂ፣ ማርያም ካለችበት ልሂድ አላልኩም!»

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ አፋፉ ላይ ትቀመጣለች። የማዶው ደወል ሲሰማ ትነሣለች፤ ተሳልማ፣ ቆማ ታዳምጣለች። ነፋሱ ወደኛ ከነፈሰ ዜማው ይመጣል፤ ካልነፈሰ አይመጣም። ጧፍ እየፈተለች በእግሩ ለሚዞር ሰው ትሰጣለች፤ «አብሩልኝ» እያለች።

ስለ ጧፏ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እህቴ በግራ እጇ ነው የምትሠራው። እንዝርቷን የምታሾረው ሌላዋ ሴት ከምታሾረው በተቃራኒው ነው፤ ክሯም ሲከር ወደ ሌላ ወገን ይጠመዘዛል። ሸማኔው ሁልጊዜ ይነዘንዛት ነበር፤ «የሴትዮዋ ፈትል ከሰው ጋር አይስማማም» እያለ። እሷ «ከሰው ባይስማማ ከእሳት ይስማማል» ብላ የራሷን ፈትል ለጧፍ አደረገችው።

«ይብራልኝ አይብራልኝ በምን አውቃለሁ?» ትለኝ ነበር። «በጋቢው ቋጥሮት ረስቶት የሚመለስም አለ። ዓይኔ ካላየ።»

በዓመቱ አንድ እሑድ እንዲሁ አፋፉ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣

«አንተ፣ በር ትሠራ የለም?» አለችኝ።

«እሠራለሁ እንጂ።»

«በርህ ዝናብ አያስገባም ትላለህ።»

«አያስገባም።»

«እንግዲያ አንዱን በር በጀርባው አስተኝተህ እላዩ ላይ ብታስቀምጠኝ፣ ውሃው በየት ይገባል?»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። «ለኅዳር ጽዮን ልቆርብ ብዬ ተስያለሁ» አለችኝ። «ጉልበቴን አየኸው። ከርሞ ኅዳር እንዳለሁ ማን ነገረህ?»

ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ አልሳቅሁም።

ከሰፈራችን አንድ ሰው ባሕር ያውቃል። በደርግ ጊዜ ለባሕር ኃይል ተመልምሎ ምጽዋ የነበረ፣ ጦሩ ሲበተን በእግሩ ወጥቶ ወጥቶ አገሩ የገባ፣ ገብስ የሚዘራ ጎረቤቴ ነው። ሰፈሩ ባሕረኛው ይለዋል። ከኔ በብዙ ያንሳል፤ አያ ይለኛል። ሄድኩና ነገርኩት።

«ጀልባ ሠርተህ ታውቃለህ?»

«አልሠራሁም፤ ግን ፍቄያለሁ፣ ቀብቻለሁ» አለኝ። «አያ፣ ባሕር ኃይል ሲባል ተኩስ ይመስልሃል። መፋቅና መቀባት ነው! ባሕሩ ይበላል፣ እኛ እንፍቃለን። ባሕሩ ይበላል፣ እኛ እንቀባለን። የኔ ወታደርነት ያች ናት።»

«ይሄ የኛስ ውሃ?»

«ይሄማ ለጋ ነው። ጨው የለው፣ ማዕበል የለው። ግን ውሃ ውሃ ነው፤ ቀዳዳ ፈልጎ አይታክተውም።»

እንጨቱ ነበረኝ። ለላሊበላ ሆቴሎች በር ይሆናል ብዬ ያደረቅሁት የዋንዛ ሳንቃ። ዋንዛ ቀላል ነው፣ አይጣመምም፣ ምስጥም አይወደውም። ባሕረኛው በጣቱ አፈር ላይ እየሣለ፣ እኔ እየጠረብኩ፣ ከአውድማው ጎን ሠራነው። ታቹ ጠፍጣፋ፣ ጎኑ ወደ ውጭ ዘንበል ያለ፣ አራት ሰው የሚያስቀምጥ። መንደሩ እያለፈ ያየናል።

«ይህን የሚያህል ገበታ ለማን ድግስ ነው?» ይላል አንዱ።

«የጥፋት ውሃ ሊመጣ ነው እንዴ? እኛንስ ለምን አልነገራችሁንም?» ይላል ሌላው።

ባሕረኛው ደግሞ፣ «ለናንተማ ቦታ የለም፤ አህዮች ቀድመው ተመዝግበዋል» ይላቸዋል።

ገበታው የሚለው ስም በዚያው ቀረ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መሥራቱ ቀላል ነበር፤ ጭንቁ መድፈኑ ነው። በሬን የማጠጣው የተልባ ዘይት ነበር። ግን ተልባ ትንሽ ነው የሚወጣው፤ ያን ሁሉ እንጨት ከውስጥም ከውጭም ለማጠጣት የስንት ሰው ማሳ ይበቃል? እኔ አሰብኩ፦ ጠፍር ውሃ እንዳያበላሸው በምን ይታሻል? በሞራ። ጫማስ? በሞራ። ጀልባስ ምን ልዩ አለው? ጊዜው መስቀል አልፎ ነበርና ከየቤቱ የበጉን ሞራ ለመንኩ። አቅልጬ፣ በጨርቅ እየነከርኩ፣ ውስጡንም ውጭውንም አሸሁት። አበራ! ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ተቀባች ሙሽራ ፀጉር ያብረቀርቅ ነበር። ደስ ብሎኝ ገብቼ ተኛሁ።

ጠዋት ባሕረኛው ከደጅ ይጠራኛል።

«አያ! ና ውጣ፤ ገበታው ላይ እንግዶች ነበሩ!»

ወጣሁ። የጀልባው አፍ ዙሪያውን ተግጧል። በአንድ በኩል ጥርሱ እንደ መሮ ገብቶ ሳንቃውን ፈልጦታል። ምድሩ የጅብ ኮቴ ብቻ ነው።

«በስንት አገር ወደብ አይቻለሁ» አለ ባሕረኛው እያጎነበሰ። «ዓሣ የበላው ጀልባ ሰምቻለሁ። ጅብ የበላው ግን ያንተ የመጀመሪያው ነው።»

ጩኸታችንን ሰምታ እህቴ ምርኩዟን ይዛ መጣች። ዞረችው። እጇን አሳረፈችበትና አሸተተች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሞራ ነው እታለም።»

«የምን ሞራ?»

«የበግ ነዋ።»

«ኅዳር ጽዮን የሚውለው በምን ውስጥ ነው?»

የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ ነው የሚውለው።

«አበስኩ ገበርኩ!» አለች። «በጾም ሞራ ላይ ተቀምጬ ሄጄ ልቆርብ! ያ ጅብ ካንተ ይሻላል፤ እሱ እንኳ የበላው በፍስክ ነው!»

ባሕረኛው መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። እኔም በኋላ ሳቅሁ፤ ያን ጊዜ ግን አልሳቅሁም። ሞራ የነካው እንጨት ሌላ ነገር አይቀበልም። በአመድና በፈላ ውሃ አጠብኩት፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣ የወጣውን ቅባት ፋቅሁ፣ ደግሞ አጠብኩ። ጅብ የበላውን ጠርቤ ሌላ ሳንቃ ተካሁ። ጥቅምት በዚህ ላይ ሊያልቅ ሆነ።

ታዲያ ተልባው መጣ። እኔ አልለመንኩም። እህቴ ናት ለሴቶቹ የነገረቻቸው፤ «ተልባ የጾም ነው» ብላ። አንዷ በቁና፣ አንዷ በጣሳ፣ አንዷ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አመጣች። ለስለስ አድርገው ቆሉት፣ ወቀጡት፣ በፈላ ውሃ እያሹ ዘይቱን ለዩት። እኔ በሸክላ ድስት አድርጌ በዝግታ አፈላሁት። የተልባ ዘይት ካልፈላ ቶሎ አይደርቅም። መድረሱን የምታውቀው የዶሮ ላባ ስትነክርበት ነው፤ የላባው ጫፍ ከተኮማተረ በቃ፣ አውርደው።

ቀን ቀን፣ ፀሐይዋ መሐል ስትሆንና እንጨቱ ሲሞቅ፣ ዘይቱን ለብ አድርጌ በጨርቅ ቀባሁት። እስካሁን ይኸ ይገርመኛል። በር ስቀባ ስንት ዘመን ኖሬ፣ እንጨት ሲጠጣ እንደዚያ አይቼ አላውቅም። ትቀባዋለህ፤ ይጠቁራል፤ ሌላውን ጫፍ ቀብተህ ስትመለስ ደርቆ አፉን ከፍቶ ይጠብቅሃል። በተለይ የሳንቃው ጫፍ። እንጨት ሥሩ ወደ ቅጠሉ ውሃ የሚልክባቸው ጉሮሮዎች እዚያ ላይ ተቆርጠው ክፍት ናቸውና፣ ዘይቱን ስታስነካው ሲስበው ታየዋለህ። ከተቆረጠ ስንት ዓመቱ ነው፤ ግን መጠጣት አልረሳም። ሞተ የሚባለው ነገር በእጄ ውስጥ ሲጠጣ አየሁ።

በማግሥቱ አውራ ጣቴን አሳርፍበታለሁ፤ ከያዘኝ እተወዋለሁ፤ ካልያዘኝ በሻካራ ወረቀት አሸት አድርጌ ደግሜ አጠጣለሁ። መቸኮል የለም። አንዱ ሳይደርቅ ሌላው ከተደረበ እላዩ ቆዳ ሠርቶ ውስጡ እንደ ቁስል ይከርማል። ሆቴል ቤቶቹ ቫርኒሽ ይወዳሉ፤ ቫርኒሽ መልካም ነው፣ ያምራል፤ ግን እላዩ ላይ የሚተኛ እንግዳ ነው። ተልባ ቤተኛ ነው፤ ይገባል። የዋንዛው ገጽ ቀን በቀን እየተከፈተ ሄደ። ደረቅ ሳለ ግራጫ የነበረው ሳንቃ ውስጡ ማር ነበረ፤ መስመሩ እንደ ወንዝ ወለል ተኝቶ፣ ጉጡን እየዞረ ሲሄድ ይታያል። ዛፉ የኖረባቸው ክረምቶች ናቸው። ክፉውም ደጉም ክረምት፣ ቀጭኑም ወፍራሙም።

አንድ ከሰዓት በኋላ እህቴ እፍኝ ውሃ ረጨችበት። ውሃው አልረጠበውም። እንደ ሽምብራ ክብ ክብ ሆኖ ቆመና፣ ሳንቃው ዘንበል ባለበት ተንከባልሎ ወረደ። ደገመች። ሦስታችንም ቆመን እንደ ልጆች ውሃ ስንረጭ፣ ጠብታዎቹ ሲንከባለሉ ስናይ፣ ፀሐይ ጠለቀችብን።

ግን ገጹ እንጂ መገናኛው ገና ነበር። ባሕረኛው፣ «ጀልባ ከመስጠሙ በፊት ይፈተናል» አለ። «ውሃውን ውጭ ሳይሆን ውስጥ አድርገው።» ሴቶቹ በእንስራ አምጥተው ሞሉልን። እኛ ውጭውን እያየን ዞርን። መጀመሪያ ምንም። ከዚያ ሳንቃና ሳንቃ በሚገናኙበት አንዲት ዕንቁ ብቅ አለች። ከዚያ ሌላ። ከዚያ በየመገናኛው ጀልባው ያለቅስ ጀመር።

«ምጽዋ ቢሆን ክር በሬንጅ ነክረን እንጠቀጥቅ ነበር» አለ ባሕረኛው፤ ያለቀሰበትን በከሰል እያመለከተ። «ክር ይኖረናል። ሬንጅ ግን ከየት?»

«ሰምስ?»

«ሰም ከተገኘማ ከሬንጅ ይበልጣል።»

ሰም አልነበረም። የዚያ ዓመት ቀፎ ገና አልተቆረጠም፤ ያምናው ሰም ደግሞ፣ እንደ ልማዳችን፣ ጧፍ ሆኖ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል። እህቴ ባዶ እጃችንን አየች። ኅዳር ገብቶ ነበር።

በዚያ ሰሞን የነፍስ አባቷ በዙሪያው ተጉዘው መጡ። ሽማግሌ ቄስ ናቸው፣ የማዶዋ ማርያም አገልጋይ። ቤት ሳይገቡ አውድማው ላይ ያለውን አዩና ወደኛ ቀጥ ብለው መጡ። መስቀል አሳለሙን። እጃቸውን ሳንቃው ላይ አሳርፈው ብዙ ቆዩ።

«ይሄ ነው ሰፈሩ የሚስቅበት?»

«እሱ ነው አባ» አልኩ።

«እኔስ መሳቅ አልቻልኩም። ምን ጎደለው?»

«ክርና ሰም ነው አባ» አለ ባሕረኛው። «ክሩ ሰም ጠጥቶ ከመገናኛው ይገባል። እሱ ብቻ ነው የቀረን።»

«ክርና ሰም» አሉ። «ለየብቻ ነው ወይስ አንድ ላይ?»

«አንድ ላይ ነው አባ።»

ቄሱ ወደ ማዶ፣ ወደ ኮረብታው ዞሩ። «እሱማ እኛ ዘንድ ሞልቷል» አሉ በቀስታ። «የጧፍ ቁራጭ። ሰው እያበራ ትቶት የሚሄደው። አንድ ጥግ ተከምሯል።»

እህቴ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«ግን» አሉ ቄሱ፣ «አንድ ጊዜ ለማርያም የተሰጠ ነው። ከቤቷ አውጥቼ ለእንጨት መድፈኛ ላድርገው? ይህን ብቻዬን አልቆርጥም። ወንድሞቼን ልጠይቅ፤ ልጸልይበት።»

ሄዱ። በዓሉ እየቀረበ ነበር። በየቀኑ አፋፉ ላይ ወጥቼ ማዶውን አያለሁ። እህቴ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም፤ ያ ነው የከበደኝ። ጀልባው ማር መስሎ፣ መገናኛው ተከፍቶ፣ ተቀምጧል።

ቄሱ ሲመለሱ ጫንቃቸው ላይ ስልቻ ነበር። አላስቀበሉኝም፤ ራሳቸው አውርደው ጀልባው ውስጥ አኖሩት።

«ተመካከርን» አሉ። «አንዱ አይሆንም አለ፣ አንዱ ይሆናል አለ። በኋላ እኔ ይህን አልኳቸው፦ ሰው ወደ ቤቷ የሚያመጣ ከሆነ፣ ከቤቷ አልወጣም።»

እህቴ ተንበርክካ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል፣ «ተይ፣ ጉልበትሽን ለኅዳር ጽዮን አስቀምጪው» አሏት።

ስልቻውን ስፈታው ሽታው ፊቴን መታኝ። ያ የምታውቁት ሽታ፤ ቅዳሴ ውስጥ የሚሸት፣ የሰምና የጥላሸት። ስንት ዓይነት ጧፍ አለ! ወፍራም፣ ቀጭን፣ ለስላሳ፣ ጎርባጣ፤ ጫፉ የጠቆረ፣ ገና ትንሽ ብቻ የነደደ። እያንዳንዱ የአንድ ሰው ልመና ነው። አንዱ ልጅ ስጪኝ ብሎበታል። አንዱ የታመመ ማሪልኝ ብሎበታል። ስንቱ ዝናብ አዝንቢልን ብሎ አብርቶበት ይሆናል፤ እኔ ደግሞ ውሃ እንዳይገባ እጠቀጥቀዋለሁ። በር ስሠራ ጸሎት በመሮ ነክቼ አላውቅም።

ቁራጩን ፀሐይ ላይ እናለሰልሳለን፤ ሁለት ሦስቱን አንድ ላይ እናከራለን፤ ባሕረኛው ከመገናኛው ላይ ያስተኛዋል፤ እኔ በደነዘ መሮ ቀስ እያልኩ በመዶሻ አስገባዋለሁ። ከመጠን በላይ ከመታኸው ሳንቃውን ይከፍታል፤ ካሳነስህ ውሃው ይመልሰዋል። ድምፁ ይነግርሃል። ልል ሲሆን ዱብ ዱብ ይላል፤ ሲሞላ ድምፁ ይጠብቃል፣ ድንጋይ እንደመምታት። ከዚያ የተረፈውን ሰም ከተልባ ዘይት ጋር አቅልጬ ከላይ አፈሰስኩ፤ በጋለ ብረት አለሰለስኩት። ደግመን ውሃ ሞላነው። ዞርን። ቆየን። ደግመን ዞርን። አንዲትም ዕንባ የለ።

በኅዳር ጽዮን ዕለት፣ በጾም ቅዳሴው ዘግየት ስለሚል፣ ረፋድ ላይ ወጣን። ጎረምሶቹ ጀልባውን በጫንቃቸው ተሸክመው አወረዱት። ሲስቁብን የከረሙት ናቸው። እህቴን እኔ አዘልኳት። «ዕዳዬን እየከፈልኩ ነው» ስላት፣ «አንተ ስትታዘል እንዲህ አታለከልክም ነበር» አለችኝ። ውሃው ዳር ስንደርስ ግን አውርደኝ ብላ በእግሯ ሄደች፤ አቧራው ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ነው። ጀልባው መንገዱ ከውሃው በሚገባበት ቦታ ተቀምጧል። ባሕረኛው መቅዘፊያውን ይዞ ይጠብቃል። ገባች። ተቀመጠች። ገባሁ።

ባሕረኛው ከዳር ገፋው።

እንዴት ልበላችሁ። መሬት ለቀቀችን። ዋንዛው ከሥራችን ተንቀሳቀሰ፤ ግን አልጮኸም፣ አልተነጫነጨም፤ ውሃው ጎኑን ሲዳስሰው ብቻ ይሰማል። ዝቅ ብዬ አየሁ። ውሃው ሳንቃውን ይነካና ይመለሳል፤ የነካበት ቦታ ላይ ጠብታዎች ክብ ክብ ሆነው ቀርተው ፀሐይ ያበራባቸዋል። ከእኛ ሥር ደመና አለ። ከደመናው ሥር ያቺ አሮጌ መንገድ አለች። በላይዋ ላይ እየሄድን ነው። አፋፉ ላይ ላለው ሕዝብ እልልታ እንኳ አልመጣለትም።

መሐል ስንደርስ እህቴ፣ «አንተ፣ እዚህ ጋ እርጥብ ነው» አለች።

ጎንበስ ብዬ እጄን ሰደድኩ። ከእግሯ አጠገብ ካለው መገናኛ ላይ ውሃ እንደ ላብ ብቅ ብሏል።

«አትንኩት» አለ ባሕረኛው መቅዘፉን ሳያቆም። «እንጨት ነው፤ መጀመሪያ ይጠጣል፣ ሲጠግብ ያብጣል፣ ሲያብጥ ይዘጋል። እማማ፣ አይፍሩ።»

«እኔ አልፈራሁም» አለች። ጎንበስ ብላ መገናኛውን በጣቷ እየዳበሰች ነበር። ሰሙ ሳሳ ካለበት አንዲት ክር ትታያለች። ዳበሰቻት። በጥፍሯ ቀስ ብላ ነካቻት። አንገቷን ቀና አድርጋ አየችኝ።

«ይኸ የኔ ነው።»

«ምኑ?»

«ክሩ። አከራሩን እየው። ወደዚህ ነው የሚዞረው።»

አየሁ። ሁለቱ ከጎኗ ያሉት ክሮች ወደ አንድ ወገን ተጠምዝዘዋል። መሐለኛዋ ወደ ሌላ። ጫፏ ጥቁር ነው፤ ነዷል።

«በርቶልኛል» አለች። «አምጥተውልኛል። በርቶልኛል።»

እስክንደርስ ድረስ ጣቷን ከዚያ መገናኛ ላይ አላነሣችም።

ማዶ ያሉት ሴቶች ውሃው ዳር ድረስ ወርደው ተቀበሏት። ደግፈው ሲያወጧት ያቺን መንገድ፣ ከውሃው የምትወጣውን፣ በእግሯ ረገጠች። ምርኩዟን ረስታዋለች፤ እኔ ይዤው ቀረሁ። ደጃፉ ላይ ስትንበረከክ ከታች አየኋት። ያን ጊዜ ነው እልልታው የመጣው፤ ከማዶም ከወዲህም፣ ውሃው መሐል ላይ ተገናኘ።

እኔ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አልወጣሁም። መጀመሪያ ውሃውን ልቅዳ ብዬ ቅል ይዤ ጀልባው ውስጥ ገባሁ። እህቴ ከቅዳሴ ወጥታ እርጥብ ላይ እንዳትቀመጥ። ተንበርክኬ መገናኛውን ዳሰስኩት። ባሕረኛው እንዳለው ነው፤ ያ ላብ ቆሟል፣ ክሯ ደርቃለች። የምቀዳው ውሃ ፈልጌ ዙሪያውን ዳበስኩ። ምንም የለም። እህቴ ተቀምጣ በነበረችበት ወለሉ ላይ የሁለት እግሯ ምልክት አለ፤ የኛ ወገን አቧራ፣ ነጭ፣ ደረቅ። ያን ሁሉ ውሃ ተሻግሮ እፍ ብትለው ይበንናል።

ቅሉን አስቀመጥኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቆርባ እስክትመለስ አቧራውን እየጠበቅሁ።